ፓምፑ የት ይታሰር?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 ቀን

ይድረስ ለልጄ አባት፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ዘግቼህ ዛሬ ስለ ቤንዚን ፓምፕ ስጽፍልህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ፤ ሳቅህን ከሰማሁት ቆየሁ። ልጃችን ፈተናዋን ጨርሳ ቤት ናት። እናትህ ግን ኩላሊታቸው ደክሟል። "አትንገሪው፣ እዚያ በሩቅ ሥራ ይፈታል" ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ። በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ለእጥበት ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ። በምን? በዚያች በአሮጌ መኪናህ። አትደንግጥ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ።

ታዲያ ከወር በፊት ዳገቱ ላይ ቀጥ አለችብኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከኋላ ጡሩንባው ያብዳል፣ እናትህ "እኔ ልውረድና ይቅለላት" ይላሉ። በታክሲ ደረስን፣ ግን አርባ ደቂቃ አርፍደን። ነርሷ "እማማ፣ ማሽኑ እኮ ወረፋ አለው" ብላ ተቆጣች። ኋላ ሲታይ ሞተሩ ላይ ያለው የጥንቱ ፓምፕ ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዷል። መለዋወጫው ከገበያ ስለጠፋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ ገዛሁ።

መከራዬ የጀመረው ያኔ ነው። መዳፍ የማታህል ነገር! ግን የት ትታሰር?

ኤሌክትሪሺያኑ "ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ሥር! ሽቦው አጭር ይሆናል፣ ስትበላሽም እንደ ልብሽ ታያታለሽ" አለ። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። "ይሄ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። ኋላ፣ ከሰልባትዮው ጎን፣ ቤንዚኑ ካለበት አጠገብ።" ታናሽ ወንድምህ ሳይጠሩት መጥቶ፣ "ዕቃ መጫኛው ውስጥ አድርጉት፤ ጭቃም ድንጋይም አይነካው" አለ። መካኒኩ ጮኸበት፦ "እናትህን በቤንዚን ልታጥናቸው ነው?"

ሦስቱም ሲናገሩ እውነት ይመስላሉ። አንዱን ሰምቼ "ልክ ነው" እላለሁ፣ ሌላውን ሰምቼ ደግሞ "ልክ ነው" እላለሁ። ከሣጥኑ የወጣውን ወረቀት ብገልጠው ያለበት አንድ ቀስት ብቻ ነው። ወረቀቱን ሳዞረው ቀስቱም አብሮ ይዞራል። ጭንቅላቴም እንደዚያው።

ኤሌክትሪሺያኑ ቀደመና ፊት አሰረው። ሦስት ቀን እንደ አዲስ ሄደች። በአራተኛው፣ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሆስፒታሉ ለመድረስ ሁለት መታጠፊያ ሲቀረን ፓምፑ አቃሰተና ዝም አለ። ኮፈኑን ብከፍት እሳት ነው፣ እጅ አያስጠጋም። ቤንዚኑ ከሙቀት ብዛት ቱቦው ውስጥ ተንኖ ነው አሉኝ በኋላ። እናትህ "ልጄ፣ በእግራችን እንሂድ" አሉ። ደግፌያቸው፣ በየአሥር እርምጃው እየቆምን ሄድን። ክብደታቸውን ያን ቀን አወቅኩት። ምንም የላቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት መካኒኩ መኪናዋን ከፍ አድርጎ በብረት ቋሚ ላይ አስቀመጣት። እኔም ልብስ የማሰምርበትን ጠመኔ ይዤ ሥሯ ገባሁ።

"ኧረ ውጪ፣ ልብስሽ ይበላሻል!"

"የሰፋሁት እኔ፣ የማጥበው እኔ፤ ምን ቸገረህ?"

በቀኝ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ያልፋል፤ ያው ምድጃ ነው። በጣም ዝቅ ካለ ድንጋይ ይመታዋል። በግራ፣ መኪናዋን በተሸከመው ብረት፣ በሻንሲው፣ ውስጠኛ ጎን ላይ፣ ከሰልባትዮው ግርጌ ጋር የተካከለች ስንዝር ቦታ አገኘሁ። ምልክት አደረግኩባት። አጠፋሁት። እንደገና አደረግኩ። ያቺ ቦታ በትክክል ከእናትህ መቀመጫ ሥር ናት።

"ቢያፈስስ?" አልኩት።

"አያፈስም።"

"ቢያፈስስስ?"

መካኒኩ ተነፈሰና እንደ ልጅ ያስረዳኝ ጀመር። ከመቀመጫው ሥር ድፍን ላሜራ አለ፤ ቱቦው ሁለት ሁለት ማሰሪያ ይገባለታል፤ ፊውዝ ይኖረዋል፤ ሞተር ሲጠፋ ፓምፑም ይጠፋል። ገባኝ። ገብቶኝም መቁረጥ አቃተኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ስትወስን የኖርከው አንተ ነህ፤ በወሰንክ ቁጥር ደግሞ ስጣላህ የኖርኩት እኔ ነኝ። አሁን የምጣላው ሰው ሳጣ መወሰኑ ራሱ ጨነቀኝ። መጨረሻ ላይ "እሰረው" አልኩና ብረት መብሻው ትራፓኖ ሲጮህ ጆሮዬን ያዝኩ። ድምፁ እናትህን እንዳይረብሻቸው ከፓምፑ ሥር ወፍራም ላስቲክ አደረገበት።

ማክሰኞ፣ ከትናንት በስቲያ፣ ዳገቱን ሳታቃስት ወጣችው። ደስታዬ! መሪውን እየመታሁ ብቻዬን እስቃለሁ። ስንመለስ ግን እናትህ ደክመው ነበር። ከእጥበቱ በኋላ ነገር ይምታታባቸዋል፣ ቀኑም ሰውም ይቀላቀልባቸዋል። የትራፊክ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ያ ፓምፕ ከሥራቸው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ አላፈነውም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

"መጣ እንዴ?" አሉኝ።

"ማን፣ እማማ?"

"ልጄ ነዋ። ሲጨንቀው እንዲህ ወንበር በጣቱ የሚመታ ሌላ ማን አለ?"

ምን ልበላቸው? ፓምፕ ነው ልበል? መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጡሩንባ ተነፋ፣ እኔም ማርሽ አስገባሁ።

"እየመጣ ነው" አልኳቸው።

ፈገግ ብለው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቤት እስክንደርስ አልነቁም።

እንግዲህ ዋሽቼ ይሁን እውነት ተናግሬ እኔ አላውቅም፤ የምታውቀው አንተ ነህ። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፣ ይጠይቁኛል። ስለ ፓምፑም ቢሆን አንድ የሚያውቅ ሰው ሥሯ ገብቶ "ልክ ነው" ቢለኝ ልቤ ያርፋል። የጎረቤት ሰው አይደለም የምለው።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ ጤናህን አይንሳህ። መንገድ ካሰብክ፣ ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ።

የልጅህ እናት