የጋሽ አለነ ሊሾ

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ጋሽ አለነ መጥረጊያውን በእጃቸው መንካት እንኳ አልፈለጉም። አዲስ ነው፣ ጠንካራ ፀጉር ያለው፣ ለዚሁ ብዬ የገዛሁት። ስልኬ ላይ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ሰውየው መጥረጊያውን ከዳር እስከ ዳር አንዴ ይጎትተዋል፣ ፊቱ ላይ ቀጭን ቀጭን መስመር ይወጣል፣ እርጥብ እግር አይንሸራተትበትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁና "ይሄ ሰውዬ ሥራውን ሳይጨርስ ነው የሄደው" አሉ።

ዐርባ ዓመት ወለል የሠሩ ሰው ናቸው። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ስንቱ ቤት የሳቸውን ሊሾ ይረግጣል። ለሳቸው ጥሩ የሲሚንቶ ወለል ማለት ቢያጎነብሱበት መልክ የሚያሳይ ነው። እኔ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ለምን እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። ታናሽ ወንድሜን ወንዴን ነሐሴ ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ሐኪሙ በየቀኑ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይራመድ አለ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ካለፉ በኋላ ብዙ አትጠብቁ አለ። ጣና ውስጥ አላስገባው፤ ቢልሃርዚያው አለ፣ ጉማሬው አለ። የእንግዳ ማረፊያዬ መዋኛ ገንዳ ግን ከበረንዳው ዐሥር እርምጃ ነው። ሁለት ወር ገባ፣ ጉልበቱ መታጠፍ ጀመረ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከውሃው ሲወጣ እርጥቡ ሴራሚክ አንሸራተተው። ቅንድቡ ላይ ስድስት ስፌት። ከዚያ ወዲህ ገንዳው አጠገብ አልደረሰም። "ወለሉ ካልተቀየረ አልገባም እታለም" አለኝ። ሴራሚኩን ባለፈው ሳምንት አስነቀልሁት።

ለጋሽ አለነ የዘረዘርሁላቸው፦

ውሃው ወደ ውጭ እንዲወርድ ተዳፋት ይኑረው።
እንዳይሰነጠቅ በየሁለት ሜትሩ ክፍተት ይተውለት።
የገንዳው ጠርዝ ስለት አይኑረው፣ ይክበብ።
ፊቱ ሻካራ ይሁን።

ሦስቱን እሺ አሉ። አራተኛው ላይ ዝም። ጾመ ነነዌ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። የጾመ ሽማግሌ ማድከም ነውር መሰለኝና ተውሁት። ዝምታቸውን እንደ እሺ ቆጠርሁት።

ረቡዕ፣ ጥር 27

መድኃኔዓለም። ሥራ የለም። ኮንክሪቱ ነገ ይሞላል። ነገ ካልተሞላ ዓርብ ባለወልድ ነው፣ ጋሽ አለነ መሣሪያ አያነሡም፤ ቅዳሜ ደግሞ ሚክሰሩ ሌላ ቦታ ተይዟል።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራለት ሲስተር መጣች። የወንዴን ጉልበት አጠፈች፣ ዘረጋች። ተመልሶ እየተገተረ ነው አለች። ውሃው ይሻለው ነበር አለች ወደኔ እያየች፣ ገንዳውን የደበቅሁባት ይመስል። ወንዴ ጀርባውን ለገንዳው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ወንበሩን እኔ አላዞርሁትም፤ ራሱ ነው።

ከሰዓት ከጣና ማዶ፣ ከደልጊ ተደወለ። የአክስቴ ባል ዐርፏል፣ ቀብሩ ነገ ነው። ሳልሄድ ብቀር አክስቴ እስክትሞት አትረሳውም።

ለጋሽ አለነ ደወልሁ። ነገ አልኖርም፣ መጥረጊያውን አደራ አልኋቸው። "እሺ ልጄ፣ እኔ እያለሁ አታስቢ።" ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው እሺ ያሉት ለየትኛው እንደሆነ እንዳልገባኝ ያወቅሁት።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ደልጊ። ሰው ብዙ፣ ኔትወርክ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ከድንኳኑ ኋላ፣ ከዓሣ መረቡ ክምር አጠገብ ቆሜ ወንዴን በስልክ አገኘሁት። ሞልተው ጨርሰዋል፣ ጋሽ አለነ ተንበርክከው እየሠሩ ነው አለ። ፊቱስ አልሁት። "ያምራል" አለ። ተቋረጠ።

ያምራል የሚለው ቃል አልጣመኝም።

ዓርብ፣ ጥር 29

መስተዋት ነው።

በሩን ከፍቼ ገባሁ፣ የበረንዳው ምሰሶ ወለሉ ውስጥ ተገልብጦ ቆሟል። ተዳፋቱ ልክ ነው። ክፍተቶቹ በክር የተሠመሩ ይመስላሉ። ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ የገበቴ አፍ ነው። ሦስቱን እንዲህ አድርገው መሥራታቸው የባሰ አናደደኝ። ሰውየው መስማት አቅቷቸው አይደለም ማለት ነው።

መጥረጊያው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከነፕላስቲኩ።

ወንዴን ጠየቅሁት። ኮንክሪቱ ጠንከር ሲል ጋሽ አለነ ወደ በረንዳው መጥተው የታመመው የትኛው እግር ነው አሉት። ቀኙ አላቸው። ጫማውን አስወልቀው አዩለት። ከዚያ "እግሩን የሚጎትት ሰው ሻካራ ላይ ከሄደ ጣቱ ይላጣል" አሉ። ደረቅ ሲሚንቶ ነሰነሱና እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲያለሰልሱ ዋሉ።

"አንተስ ምን አልህ?"

"ሽማግሌ ለኔ ብሎ ተንበርክኮ ምን ልበል?"

ለሱ ብለው ነው። ሊያጭበረብሩኝ ፈልገው ቢሆን እንዴት እንደምጮህ አውቅ ነበር።

ጋሽ አለነ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አዲስ ኮንክሪት ደግሞ ቀን ከቀን ካልራሰ ይሰነጠቃል። ጆንያ አልብሼ ሦስት ጊዜ ውሃ አጠጣሁት። ልሰብረው የማስበውን ወለል ስንከባከብ ዋልሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ጠዋት መጡ። ፊታቸው የደስ ደስ ነበረው፤ ምስጋና የሚጠብቁ ሰው ፊት። ምንም ሳልል አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። እስኪ ይሂዱበት አልኋቸው።

ጫማቸውን አወለቁ። ሄዱበት። ዳር ደረሱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ንቅንቅ አላሉም። የሳቸው ተረከዝ የመኪና ጎማ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ጠጠር የበላ። "ይኸው" አሉ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ሁለት እርምጃ ሄድሁና በሦስተኛው ትከሻቸውን ይዤ ተረፍሁ። አንቺ ጫማ ለምደሽ ነው አሉኝ። ቤተ መቅደስ ስንት ሰው በባዶ እግሩ ይገባል፣ ማን ወድቆ ያውቃል አሉኝ። ቤተ መቅደስ ውስጥ ሰው ከውሃ አይወጣም አልኋቸው። አሸዋውን መጥኜ፣ ጠጠሩን አጥቤ ሠርቼልሽ፣ አሉ። ስለ ጠጠሩ ማን አነሣ አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። የሦስት ቁጥር እንግዳ በመስኮት ብቅ አለች።

ከዚያ ቀስ ብዬ ነገርኋቸው።

"ጋሽ አለነ፣ ወንድሜ አንድ ጊዜ ደግሞ ከወደቀ ውሃ ውስጥ አይገባም። ካልገባ ያ እግር እንዲሁ ይቀራል።"

ወለሉን አዩ። እኔን አላዩም። "እኔ ለእግሩ አስቤ ነው" አሉ። አውቃለሁ አልኋቸው። መሣሪያቸውን ሳይሰበስቡ ሄዱ። ይመለሳሉ ማለት ይሁን ሁለተኛ አልመጣም ማለት አላወቅሁም።

ያሉኝ መንገዶች፦ አሸዋ የገባበት ቀለም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ፤ ፀሐይ ይልጠዋል ይላሉ። የላስቲክ ምንጣፍ፤ ከሥሩ ይሻግታል፣ ጫፉ እግር ይጠልፋል፣ እግሩን ለሚጎትት ሰው ደግሞ ወጥመድ ነው። ሰብሮ እንደገና መሙላት፤ ሲሚንቶ የለም፣ ቢገኝም ወር ይፈጃል። የወንዴ ጉልበት ወር የለውም።

እሑድ፣ የካቲት 1

የሦስት ቁጥሯ እንግዳ ወለሉ ላይ ቆማ ፎቶ ስትነሣ አገኘኋት። ሰማዩ ከሥሯ ነው። እንዲህ ያለ ወለል አዲስ አበባም አላየሁ አለችኝ። እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፤ እንደዚሁ ይቅርና ወንዴን ሌላ ቦታ ልውሰደው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል። እንግዳ ይወደዋል ብዬ።

ወንዴ የገባው ይመስል ከምሳ በኋላ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልሂድ አለ። የወንዛዬን ድንጋይ አውቀዋለሁ፤ ጤነኛም በሰው ትከሻ ነው የሚወርደው። ፍል ውሃው ለኔ ይሆነኛል አለ። ድንጋዩስ አልሁት። ድንጋዩን ማንም አልሠራው፣ ብወድቅም ማንም አያዝንብኝ አለ። ዕቃ ማጠብ ጀመርሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ጋሽ አለነ በአንድ ሰዓት መጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ፈቱት፦ አጭር የብረት መዶሻ፣ ሁለቱም አፉ እንደ መሮ የሾለ። የወፍጮ መውቀሪያ ነው። የባለቤታቸው እናት ዕቃ የነበረ፣ ቆጥ ላይ ወጥተው የፈለጉት።

የድንጋይ ወፍጮ ሲለሰልስ እህሉ ይንሸራተትበታል፣ አይፈጭም። ያን ጊዜ ድንጋዩን በዚህ ብረት ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያሻክሩታል። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ለወለል ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም። የምፈልገውን ቪዲዮ ላይ ስፈልግ ነበር።

ማንም የማያይበት ጥግ ላይ ተቀመጡና የሁለት እግር ማሳረፊያ ያህል ወቀሩ። ጠረግን፣ ውሃ ደፋን። ቆምሁበት። ያዘኝ። ተረከዜን ገፋሁት፣ አልሄደም።

"ታዲያ መጥረጊያው ምን በደለ ጋሽ አለነ? ያው መሻከር አይደለም ወይ?"

"መጥረጊያ ማበላሸት ነው። ይሄ ሥራ ነው።"

ወንዴን ጠሩት። ከዘራውን ይዞ መጣ። ገንዳው አጠገብ ከደረሰ ሁለት ወር አልፎታል፣ ዓይኑን ወደ ውሃው አላነሣም። ቀኝ እግሩን በወቀሩት ላይ ጎተተው። ጋሽ አለነ በርከክ ብለው ጣቱን እያዩ ነበር። ወለሉ ያዝ አደረገው እንጂ አልጣለውም።

ደስታዬ ግማሽ ቀን ቆየ። ኮንክሪቱ ለጋ ነው፣ አሁን ሙሉውን ብነካው ቅርፊቱ ይነሣል አሉ። ከተሞላ ቢያንስ ዐሥር ቀን ይለፈው። ትክክል ናቸው። ትክክል መሆናቸው ሰለቸኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

አቦ። ሥራ የለም። ባይሆንም ሥራ የለም።

ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ጆንያ አርሳለሁ። ሲስተር ዛሬ የወንዴን ጉልበት ስታጥፍ ጮኸ። ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው። እስከ ሰኞ አልኋት። ሰኞ ሰኞ ስትይ ሰነበትሽ አለችኝ፣ መሳቋ ነው። አልሳቅሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

የዐቢይ ጾም መግቢያ። ጋሽ አለነ ከጸሎት ቀጥታ መጡ። የሚወቀረው ከበረንዳው እስከ ገንዳው ደረጃ ያለው መንገድና ዙሪያው አንድ አንድ ሜትር ነው። የቀረው ሊሾ እንደሆነ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ወንበርና አበባ አስቀምጣለሁ፣ ማንም አይሄድበትም። ይሄን ስነግራቸው የቀረውን በጨርቅ ወልውለው ከአቧራው ሸፈኑት።

ቋ ቋ ቋ ቀኑን ሙሉ። ሁለት እንግዶች ክፍል ለቀቁ። አንደኛው ይሄን የመሰለ ወለል የሚያስቆፍር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን ከበረንዳው ላይ ወንዴ ሰጠው፦ "ወንድም ያለው።"

ዛሬ ወንበሩን ራሱ ወደ ገንዳው አዙሮ ነበር። ሥራውን እያየ ዋለ።

ጋሽ አለነን አዘኑብኝ ወይ አልኋቸው። የጣታቸውን ቋጠሮ እያሹ፣ ወለል ብቻ ነው አሉ። ብረቱን መልሰው እያነሡ፣ ሊሾውን አንድ ቀን እንኳ ሰው አየው አሉ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

አለቀ። ታጠበ። ዝናብ የመታው አቧራ ነው የሚመስለው። አያምርም።

በአራት ሰዓት ወንዴ ቁምጣ ለብሶ ወጣ። ማንም አልጠራውም። እኔ አንድ ባልዲ ውሃ መንገዱ ላይ ደፋሁ፤ ደረቅ ላይ መፈተኑ ምን ያደርጋል። በከዘራው ሄደ። የደረጃውን ብረት ያዘ። ገባ። ወገቡ ድረስ።

ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አላጨበጨብንም። ችግሩ መግባቱ አልነበረምና። ያኔም የወደቀው ሲወጣ ነው፣ እግሩ ደክሞ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት።

ወጣ። ሁለት እርምጃ። ሦስት። አራተኛው ላይ ቀኝ እግሩ ተጎተተና ያዘው፣ ሰውነቱ ወደ ፊት ሄደ፣ ከዘራውን ተከለ፣ ቆመ። ጋሽ አለነ ከበረንዳው ሥር ተነሥተው ነበር። እኔ እጄን ዘርግቼ ደርቄያለሁ። ወንዴ ቁልቁል አየ። አውራ ጣቱ ተልጦ ይደማል።

"ብዬሽ ነበር" አሉ ጋሽ አለነ። ለኔ ነው።

"መላጡ ግድ የለም" አለ ወንዴ። "ቆሜያለሁ አይደለም?"

የቀረውን በራሱ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ አለነ ሞረድ ድንጋይ ይዘው አራተኛው እርምጃ ያለበት ቦታ በርከክ አሉ፣ ሹል ሹሉን ብቻ እየነኩ፣ በመዳፋቸው እየዳሰሱ። ብዙ አያለስልሱት ልላቸው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ከዚያ አሰብሁና አልኋቸው። ሳቁ።

ጣቱን በፕላስተር ጠቀለልሁለት። ነገ ካልሲ አድርጌ እገባለሁ አለ፣ ወፍራም ፈልጊልኝ። እርጥብ ካልሲ እዚህ ወለል ላይ ይይዝ ይሆን ያንሸራትት አላውቅም። ጋሽ አለነም አያውቁም። ከሱ በፊት እኔ እሞክረዋለሁ።