የእማዬ የቁም ተዝካር

ሰቆጣ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? የአጎታችን ልጅ ወንዳወቅ ከመኪናው ስትወርድ በሩን ተደግፈህ ትንሽ ካልቆምክ መራመድ አቅቶሃል ብሎኝ አሳስቦኛል። ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሿ ትምህርት ለመደች ወይስ አሁንም በር ላይ ታለቅሳለች? እኔ ደህና ነኝ ማለት ደንብ ስለሆነ ደህና ነኝ። እውነቱን ካልከኝ ግን ደክሞኛል። ዝናቡ ዘንድሮም ቀድሞ ወጣ፤ ውኃ ለመቅዳት ጀሪካን ደርድረን ስንጠብቅ እንውላለን። ሱቋን ከፍቼ እቀመጣለሁ እንጂ ሰው ሲገባ እንኳ ቶሎ አልነሣም። ጎረቤቴ ዓሚኔ ከወዲያ ሱቅ እየተሻገረች ደንበኞቼን የምታስተናግድልኝ እሷ ናት፤ እግዜር ይስጣት።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና እማዬ ከማለቴ ኔትወርክ የለም ብለህ ዘጋኸው። ኔትወርኩማ ነበር። ስለዚህ ጓደኛህ ካሳ ጭነት አራግፎ ወደ አንተ ስለሚመለስ ይህን በእጁ ላክሁልህ። ወረቀት መሃል ላይ አይዘጋምና እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ወንዳወቅ ያልከውን ነግሮኛል። ለአርባዋ ና ብሎ ሲለምንህ፣ እሷ ተዝካሯን በቁሟ በልታ ጨርሳለች፣ እኔን እንደሌለሁ ቆጥራ ያወጣችው ተዝካር ይበቃታል አልክ አሉ። ለቀብሯ መንገዱ ተዘግቶብህ ነው፤ እሺ፣ ያንን ተቀብያለሁ። ይህን ግን ሰምቼ ልተወው አልቻልኩም። የተናደድኩብህም አይደለሁም። ለመናደድም አቅም ይፈልጋል።

ለቅሶ የመጣው ሰው ስለ እማዬ ሲያወራ ብትሰማ ትስቅ ነበር። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ከደጇ የማትወጣ ሴት አደረጓት። የማን እናት ነው የሞተችው ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። አባታችን ባረፈ በዓመቱ ሁለታችንን ለአያታችን ጥላ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ የወረደችውን ሴት ማን ዝምተኛ አደረጋት? ሌላው ከሁመራ ብርድ ልብስና ራዲዮ ይዞ ሲመጣ እሷ ብስክሌት በጭነት መኪና አናት ላይ አስጭና ገባች። በዚህ ዳገትና ቁልቁለት አገር! ቀሚሷን ወገቧ ላይ በመቀነት ጠፍራ፣ አንተ ኮርቻውን ከኋላ ይዘህ እየሮጥክ፣ እኔ ከዳር ቆሜ እያለቀስኩ። ደክሞህ ስትለቃት ቁልቁል ሄዳ ከገብስ ጎተራ ጋር ተላተመች። ጉልበቷ እየደማ ትስቅ ነበር እንጂ አልጮኸችም። ጥሩሐረግ አበደች ተባለ። በማግስቱም ወጣችበት።

ስፌቷንስ ረሳኸው? በሰባ ሰባት እህል ይዞ ሲመጣ ያየችውን አውሮፕላን መሶብ ላይ በቀይና በጥቁር አለላ ሰፋችው፤ ጎማው ሳይቀር። የማኅበር ሴቶች መስቀል እንጂ አውሮፕላን መሶብ ላይ የት ታየ ብለው ሲቆጧት፣ ሁለቱም ከላይ የመጡልን ናቸው አለቻቸው። ሲያኮርፉ ከረሙና በኋላ ለሙሽራ ልጆቻቸው ያንኑ እንድትሰፋላቸው ይለምኗት ጀመር። ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ ደግሞ ተከዜ ተገድቦ ሐይቅ ሆነ ሲሉ ሰምታ፣ ወደ እኛው አገር ዝቋላ በሚወርድ አይሱዙ ከፍየል ጋር ተጭና ሄደች። ዓሣ አጥማጆቹ አሮጊት ብትሰምጥብን ምን እንላለን ብለው እምቢ ሲሏት ዳሩ ላይ ተቀምጣ ሙሾ አወጣችባቸው። በሕይወት እያሉ ሙሾ ሲወርድባቸው ደንግጠው በጀልባቸው አሳፈሯት። ያመጣችው አሮጌ መረብ ዛሬም ጫጩቶቹን ከጭልፊት ይከልላል።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ አንድ ነገር እንድታስተውል ብዬ ነው። የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው ስትል ከተማው ያልደነገጠው ለዚህ ነበር። ልጅና ዘመድ የሌለው፣ ወይም ልጆቹን የማያምን ሰው የሚያደርገው ነገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ጥሩሐረግ ናት፣ ደግሞ ምን ልታሳየን ነው ተባለና ታለፈ። አንተ ወሬውን ነው የሰማኸው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ያየሁትን ልጻፍልህ።

ያን ጊዜ አንተ ከነመኪናህ በጦርነቱ ማዶ ቀርተሃል። ስልክ የለ፣ መንገድ የለ። እማዬ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እየወረደች እንደምንም ከማዶ ሾልኮ የመጣ ሹፌር ትጠይቅ ነበር። መኪናህን ቀለሙንና ጎኑ ላይ ያጻፍከውን እየነገረች። አንድ ቀን አንድ ሹፌር እሷን ፈልጎ ቤት ድረስ መጣ። ከአጥሩ ሥር ቆመው ትንሽ አወሩ። ጠላ ቀድቼ ስወጣ ሰውየው ሄዷል፣ እማዬ አጥሩን ይዛ ቆማለች። ምን አለሽ ስላት ምንም አለች። ከማግስቱ ጀምሮ መናኸሪያ መውረዱን ተወችው።

በሳምንቱ ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጨች። ቅማል ነው አለችኝ። እማዬ ራስ ላይ ቅማል! ከዚያ ጥር ሲገባ ተዝካሬን በቁሜ አወጣለሁ አለች። እኔም እንዳንተው ተቆጥቻለሁ። እኔ ምን ሆኜልሽ ነው፣ ወንድሜስ ሲመጣ ምን ይላል አልኳት። አንተን ስጠራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ያኔ የገባኝ ነገር አልነበረም፤ ጦርነቱ አእምሮዋን ነካባት ብዬ ነበር።

ያለንን በሬ አሳረደች። ለእኛም ለተፈናቃዩም የሚበቃ አሰናዳች፤ ዓሚኔ ደግሞ ለሙስሊሞቹ በእነሱ አራጅ ለብቻ አሳርዳ በጓሮዋ ጣደችላቸው። ከሁሉ አስቀድማ ያሠራችው ግን የፍየል ዱለት ነው። እሷ የፍየል ነገር አፏ አይገባም፤ ታውቃለህ። ለማን ነው ብላት ለሚወደው አለች። የነፍስ አባቷን አልጠራችም። ከተፈናቃዮቹ ጋር የመጡትን፣ እኛን የማያውቁትን ቄስ አስጠራች። ለጸሎቱ ስም ሲጠይቋት ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው። አጠገቧ ነበርኩ። የእማዬ የክርስትና ስም ወለተ ሐና ነው። ወለተ ሐና አላለችም።

የራሱን ተዝካር የሚያወጣ ሰው ከእንግዶቹ ጋር ወንበር ይዞ ይበላል፣ ይመረቃል። እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዎቹ ተነሽ እንጂ ባለ ተዝካሯ እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ እሷም ፈገግ ትልላቸው ነበር። በኋላ ሙሾ አውርጂልን፣ ለራስሽማ አትሰስቺም አሏት። ሰው ቤት ስታለቅስ ሁሉም እንዲሰማት በአማርኛ ነበር የምታወጣው። ያን ቀን በአገውኛ፣ በኽምጣንጋ አወጣችው። ስለ መንገድ ነው፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ቁልቁለት፤ ስንቅ ሳይቋጠርለት ስለ ሄደ። ስለ አሮጊት አንድ ቃል የለበትም። ከተሜው አዲስ ፈሊጥ አመጣች ብሎ ያጨበጭባል። ቋንቋውን የሚሰሙ፣ ከደሃና የመጡ ሁለት ባልቴቶች ግን ተያዩና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ድስት ተሸክሜ ቆሜ ነበር፤ ዓሚኔ መጥታ ከእጄ ወሰደችው።

ከዚያ ስልኩ የተከፈተ ሰሞን ደወልክ። ድምፅህን እንደሰማሁ ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። ሄሎ፣ ሄሎ፣ እማ ስትል እኔም እሰማሃለሁ። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። አንተ ተቋረጠ ብለህ ልትዘጋው ስትል ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከእሷ አልሰማሁም፤ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያ ሳቅ ነው ሮጦ የመጣው። እልልታው ደጁን ሲሞላው እሷ ጠፋችብኝ። ጓዳ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ አገኘኋት። ምን አደረግሁ፣ እኔ ምን አደረግሁ ትላለች። እዚያው ጓዳ ውስጥ እኔን ቅበሪኝ ብላ አስማለችኝ። ያስማለችኝን ነገር አልጽፈውም።

ስትመጣ ሰው ስለ ተዝካሩ ነገረህ። የሆንከውን አንተም አትረሳውም። ወንድ ልጅ ወልዳ መካን ነኝ አለች፣ በቁሜ አዋረደችኝ ብለህ በሰው ፊት ጮህክባት። እሷ አንገቷን ደፍታ ልክ ነህ ልጄ፣ አጥፍቻለሁ አለችህ። እስቲ አስበው። እማዬ በዕድሜዋ ለማን ልክ ነህ ብላ ታውቃለች? ካህን ሲቆጣት የምትመልስ፣ ዳኛ ፊት የምትከራከር ሴት! ያኔ እንዴት አልገረመህም? ቦርሳህን አንሥተህ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥከውም።

ስትሄድ ልከተልህና ልመልስህ ተነሥቼ ነበር። እጄን ይዛ አስቀረችኝ። ተይው፣ ይቀየመኝ አለች። መሪ የሚይዝ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ይዞ ቁልቁለት አይወርድም፣ ይቀየመኝ እንጂ እንዳይፈራ አለች። ቂሙን ከእኔ ላይ አውርጂልኝ ብላ አንድ ቀን እንኳ አልለመነችኝም። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ግን ስፌቷን ታስቀምጥ ነበር። የአንተ መኪና አለመሆኑን ከጥሩንባው ስታውቅ ወስፌዋን መልሳ ታነሣለች። እየደከመች ስትሄድ እኔ ነበርኩ አይደለም፣ ሌላ ነው የምላት። ይህ ነው ያደከመኝ ወንድሜ፤ አልጋዋን መቀየሩና ማጠቧ አይደለም።

ልታርፍ ባለችበት ሰሞን፣ የአርባሽንስ ነገር እንዴት ላድርግ ብዬ ጠየቅኋት። ማንም አይጠይቅሽም፣ ወጥቶላታል ይላሉ፤ አንቺም ወጥቶላታል በይ አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ማንም አልጠየቀኝም። የደብሩም የዕድሩም ሰዎች፣ እሷማ በጊዜ ጨርሳለች እያሉ በመልካም ያነሷታል። እኔም እሺ ብያት ነበር። ሞከርኩት፤ አልቻልኩም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የሙታን ስም ሲጠራ ስሟን ልሰማ ጆሮዬን አቆማለሁ፣ አይጠራም።

መሐላዬን አላፈረስኩም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ያስማለችኝን አንድም ቦታ አላስገባሁም። አንተ ከፈለግህ መኪናህን ዳር አቁመህ ደግመህ አንብበው። ስትነዳ ግን አታስበው፤ ይህን ከእሷ የተቀበልኩት አደራ ነው። ተጸጽተህ እንድታለቅስም አይደለም የጻፍኩት። እኔ ብቻዬን ሆኜ መደገስም ካህናት መጥራትም አያቅተኝም፤ ዓሚኔ አለችልኝ፣ ጎረቤቱም አለ። ብቻ ሰዎቹ ምን ልታወጪ ነው፣ እሷ እኮ ጨርሳለች ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። ታላቅ ልጇ ደጁ ላይ ቆሞ ግቡ ካለ ግን ማንም ምንም አይጠይቅም።

አርባዋ በመጪው ወር አጋማሽ ነው። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ይሆናል፤ ለእሷ ግድ የላትም። ከመኪናህ ጋር ና፣ ያለ መኪናህም ቢሆን ና። ወገብህን ካመመህ መንገድ ላይ እደር፤ አትቸኩል።

ልዑል እግዚአብሔር ጎዳናውን ያቅናልህ፤ ከቁልቁለቱም ከገደሉም ይሰውርህ። ልጆችህን ሳሚልኝ በላት ለባለቤትህ። የእማዬ ጸሎት አይለይህ፤ ካንተ ተለይቶም አያውቅ።

ወንድም ዓለሜ፣ የእማዬ ተዝካር ገና አልወጣም።

እህትህ