ኤልናታን እንበለው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 2 ሰዓት።
አጠባሁ። አስገሳሁት። ተኛ። እሑድ አርባ ቀኑ፤ ክርስትና ይነሳል። የክርስትና ስሙን ቄሱ ይሰጡታል። የቤቱን ግን በእኛ ዘንድ አያት ነው የሚያወጣው፤ ማለትም አባቴ፣ አባባ። ኤልናታን እንዲሉት ነገርኳቸው። "እግዚአብሔር ሰጠ" ማለት ነው። በአርባ ሦስት ዓመቴ የመጣ ልጅ ሌላ ምን ይባላል? መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ክፍላቸው ገቡ።

ረቡዕ።
እምቢ አሉ። ሌላ ስም ፈልጊ። ለምን? ባለቤቴ ሳቀ፤ ሰው ከስም ጋር ይጣላል እንዴ አለ። እኔ አልሳቅኩም። አባባ ምሳ አልበሉም።

ሐሙስ። 9 ሰዓት።
ተናገሩ። ኤርምያስ ምዕ. 26ን ገልጠው አስነበቡኝ። ንጉሥ ኢዮአቄም ኤልናታንን ግብፅ ይልከዋል። የሸሸ ነቢይ ይዞ ይመጣል። ንጉሡ ነቢዩን ይገድለዋል።
ቀጥሎ የራሳቸውን። በወጣትነታቸው አብዮት ጥበቃ ነበሩ። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው፦ የካዛንቺስ ጎረቤታቸው፣ አስተማሪ፣ ወሎ ሰፈር ተደብቆ ነበር። አምጣው ተባሉ። አመጡት፤ በእግር፣ እያወሩ። ሰውየው በዚያው ቀረ።
"ኤልናታን እኔ ነኝ። ልጁን ተይው" አሉ።
ተናደድኩ፣ ደብተሬ። አዘንኩ። እንደገና ተናደድኩ።

ዓርብ።
ልጁ ሲተኛ አነበብኩ። ኤልናታን ብዙ ነው። ዕዝራ ውስጥ በአንድ ቁጥር ሦስት። የአባባ ኤልናታን ግን ምዕ. 36 ላይ እንደገና አለ። ንጉሡ የኤርምያስን ክርታስ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ሲጥል፣ አታቃጥል ብሎ ይለምነዋል። ያንኑ ንጉሥ። ሮጬ አነበብኩላቸው።
"ሰማው?"
"አልሰማውም።"
"ታዲያ ምን ፋይዳ አለው፣ ልጄ?"
"እሱስ ለመነ። እርስዎ ማንን ለመኑ?"
ክፉ ንግግር ነው። አልመለስኩትም። አባባ፣ የአስተማሪው እህት በሕይወት አለች አሉ። እዚያው ወሎ ሰፈር። አንድም ቀን በሯን አንኳኩተው አያውቁም።

ቅዳሜ። ጠዋት 3 ሰዓት።
ወስኛለሁ። ስሙ ኤልናታን ነው። ነገ አባባ በሰው ፊት ያወጡታል። ዛሬ ግን ሴትዮዋ ዘንድ እንሄዳለን። አራስ ከክርስትና በፊት ደጅ አትወጣም፤ ጎረቤት ያውራ። ብቻቸውን ብልካቸው ከመንገድ ይመለሳሉ። ልጁን ጠቀለልኩ። አባባ እሷ ብታባርረንስ አሉ። ታባርረን አልኩ፤ መብቷ ነው። ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ማሰሪያው እምቢ አላቸው፤ ሄጄ ላስርላቸው—