ዶክተሩ «ሶሪ» ያለኝ ቀን

እህት ዓለም፣

ደክሞኛል፤ ፖስት ካርዷም ጠባብ ናት፤ አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ትናንት ኦፕራሲዮን ያደረጋቸው ወጣቱ ዶክተር የአባዬን የቀረች አንድ ዓይን ፋሻ ፈታ፣ በባትሪ አያትና ወደ እኔ ዞሮ «ሶሪ» አለኝ። ሁለት ሰዓት ስላስጠበቀን መስሎኝ «ችግር የለም» ብዬ ፈገግ አልኩለት።

«ምን አለሽ?» አሉ አባዬ።

«ይቅርታ ጠየቀ።»

«ጨዋ ልጅ ነው። ምንም አላጠፋህም በዪው።»

እሱንም ተረጎምኩለት። ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። ግራ ገብቶኝ ኮሪደር ላይ ነርሷን ጠየቅኳት። ቃሉ ይቅርታም ነው፣ ማዘንም ነው፣ አንዳንዴም አልተሳካም ማለት ነው አለችኝ፤ ዓይናቸው ከእንግዲህ አታይም። እኛ ጋ ታክሲ ውስጥ እግር ስንረጋገጥ የምንወረውረው ቃል ይህን ሁሉ መሸከሙን የት አውቄ።

ተመልሼ እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። «አንቺም ደክመሻል፣ ቁጭ በዪ» አሉኝ።

ሐሙስ አገር ቤት እንገባለን። ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ፣ አንቺ ዝም በዪ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ዳር ላይ ጽሑፌን አቋርጦ የሄደው ጭረት የአባዬ ፊርማ ነው፤ ራሴ ካልፈረምኩ ብለው ነው።