የእትዬ ጂቱ ግማሽ

ጥቅምት 4 ቀን 1954

ለትውልድ ይታወቅ ዘንድ፦ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባለው ዳገት ላይ የግራ ጫማዬ ተረከዝ ከሥራው ተሰናብቷል። ቀብሩም በችኮላ ተፈጸመ።

እዚያ ምን አባቴ እሠራ ነበር? የሽማግሌዎች ጸሐፊ ሆኜ መሬት ሳካፍል። የእትዬ ጂቱ ባል ትተውት የሞቱት የባሕር ዛፍ ቦታ ለእሳቸውና ለባላቸው ወንድም ለከበበ እኩል ይካፈል ተብሏል። አርባ እርምጃ በአርባ። ሽማግሌዎቹ መሃል ለመሃል ሊሰነጥቁት ነበር... እንደ ዳቦ! እኔ እያለሁ? የማታ ትምህርት ገብቼ አልጀብራ የጀመርኩ ሰው?

«የለም፣» አልኩ፣ «የእትዬ ጂቱ ድርሻ ከቤታቸው ጥግ ተነሥቶ አራት ጎኑ እኩል ይሁን። ግማሽ አይደል? የአርባ ግማሽ ሃያ። ሃያ በሃያ!»

የሽማግሌዎቹ ዳኛ ጋሽ ገረሱ «መማር እንዲህ ነው!» አሉ። ውሉን በሚያምረው የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፤ አሻራ ተደረገበት። ከበበ እጄን ጨበጠኝ። ረዘም አድርጎ... ለምን ይሆን?

እትዬ ጂቱ ብቻ «ትንሽ አልሆነችም?» አሉ። ቁጥር የማያውቅ ሰው... ምን ይደረጋል።

ጥቅምት 8

አስተማሪያችን አቶ ሠረቀብርሃን፣ ከያዙት ጠመኔ የቀጠኑ፣ «የአርባ ስኩዌር ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሰማንያ!» አልኩ፣ ክፍሉ እንዲሰማ። ሰማ። እስካሁን የሚስቅ ይመስለኛል።

«በሁለት አይደለም ወንድሜ፣ በራሱ ነው የሚባዛው። አንድ ሺህ ስድስት መቶ። የሃያስ?»

አራት መቶ... አራት መቶ? የአንድ ሺህ ስድስት መቶ ግማሽ? ሩብ ነው እኮ!

ጥቅምት 9

ዛሬም ሩብ ነው።

ጥቅምት 11

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ጋሽ ገረሱ ከበጎቻቸው ሌላ የቆጠሩት ነገር የለም። ከበበ ግን ዛሬ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እንዳንተ ያለውን የተማረ ሰው ያብዛልን!» አለኝ። «አሜን» ብዬ መንገድ ቀየርኩ።

ጥቅምት 15

አቶ ሠረቀብርሃንን ለብቻቸው ያዝኳቸው። ድርሻው እውነተኛው ግማሽ፣ ስምንት መቶ፣ እንዲሆን ጎኑ ስንት ይሁን?

«እሱማ ስኩዌር ሩት ነው። በራሱ ተባዝቶ ስምንት መቶ የሚሰጥ ቁጥር።»

«አራት መቶ?»

«አታካፍል ሰውዬ!»

ሃያ ስምንትን በራሱ አባዛን፦ ሰባት መቶ ሰማንያ አራት። አነሰ። ሃያ ዘጠኝን፦ ስምንት መቶ አርባ አንድ። በዛ። «መሃላቸው ነው። ሃያ ስምንት ነጥብ ሁለት ስምንት አራት... እያለ ይሄዳል። አያልቅም።»

የማያልቅ ቁጥር! አድራሻ የሌለው፣ ፖሊስ ሊይዘው የሚገባ ቁጥር። አሁን ይህን ለእትዬ ጂቱ በየትኛው አፌ እነግራለሁ?

ጥቅምት 17

መንገር አላስፈለገኝም። ራሳቸው ደጄ ላይ ቆመዋል።

«አንተ ጸሐፊ፣ ዛፎቹን ቆጠርኳቸው። በየእርምጃው አንድ አንድ፣ አርባ መደዳ በአርባ መደዳ የተከልኩት እኔ ነኝ። ለእኔ አራት መቶ፣ ለከበበ ሺህ ሁለት መቶ። የየትኛው አገር ግማሽ ነው?»

«እትዬ፣ የስምንት መቶ ስኩዌር ሩት...»

«ተወው!» መሐረብ አውጥተው አነጠፉ። አራቱንም ጥግ ወደ መሃል አጠፉ። ሁሉም ቦታ ድርብ ሆነ፤ አራት ጎኑም እኩል። «ግማሽ ይሄ ነው። የታጠፈውን ጎን እየው፤ መሐረቡ ለአራት ሲከፈል አንዱ ሩብ ያንተ ሃያ በሃያ ነው፤ ይህ ጎን ደግሞ የዚያ ሩብ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ርዝመት ነው።»

«ይህን የት ተማሩት?»

«መሐረብ ማጠፍ ደግሞ ይማሩታል?»

ጥቅምት 20

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። «ስሕተቱ የእኔ ነው» አልኩ። አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለመውጣት ግን ግማሽ ቀን ፈጀ። ጋሽ ገረሱ «ይሄ ነው መማር?» አሉ። ቢሆንም ውሉ «ግማሽ» እና «አራት ጎኑ እኩል» ይላል፤ ሃያዋ ብቻ ትሰረዝ ተባለ። በሃያ በሃያው ላይ ገመድ ከጥግ እስከ ጥግ ወጠርን፤ በዚያው ገመድ ርዝመት የእትዬ ጂቱን አዲስ ድርሻ አራቱንም ጎን ለካን።

ከበበ ጮኸ። «ስንት እርምጃ ነው? ቁጥሩ ይነገረኝ!»

«ሃያ ስምንት ከ... የማያልቅ ነው።»

«እንዴት አያልቅም?»

«ገመዱ አልቋል» አሉ እትዬ ጂቱ፣ ችካሉን በድንጋይ እየመቱ።

ጥቅምት 21

ማረሚያ። በዚህ ደብተር በጥቅምት 4 ቀን «ቁጥር የማያውቅ ሰው» ተብሎ ስለ እትዬ ጂቱ የተጻፈው በስሕተት ስለሆነ፣ ስለ ደብተሩ ባለቤት ስለ ጸሐፊ አካሉ እንደተጻፈ ተደርጎ ይነበብ። ተረከዙን የሚመለከተው መግለጫ እንደጸና ነው።