ሶፋ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች

እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን 2008

ውኃ ዛሬም የለም። የፎርም ሦስት ተማሪዎችን የጂኦግራፊ ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ግማሾቹ ሰሜንን ከደቡብ አይለዩም። ሦስት ዓመት ምን ተማሩ?

የወንድሜ ልጅ የፉፋ ፎቶ በሰዓቱ ደረሰ። አሥራ አንደኛው። ከፓሌርሞ አሮጌ ሰፈሮች አንዱ፣ ወደ ባላሮ ገበያ የሚወርድ ጠባብ መንገድ፤ ሰገነቱ ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበታል። የመንገዱን ስም አልጻፈም። ተቆጣሁት። ደንቡን ያውቃል፦ በየእሑዱ አንድ ፎቶ፣ ከነመንገድ ስሙ። እኔ በካላንደር ጀርባ ላይ በሳልኩት ካርታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ካልሳ፣ ካፖ፣ ባላሮ... እሱ ሲሲሊ፣ እኔ እዚህ ድንበር ዳር ሄሉ ሰፈር ቁጭ ብዬ፣ ከተማዋን ከእሱ በላይ ሳላውቃት አልቀርም።

ለሊሴ በትከሻዬ አሻግራ አየች። «አባዬ፣ እኔ ያቺን ሰማያዊ በር ነው የምከራየው» አለች። ሐሙስ ትነሳለች። በፉፋ መንገድ፣ በሊቢያ አድርጋ። ልጄን ሁለት ዓመት እምቢ ስላት ቆይቼ በእነዚህ ፎቶዎች ተሸነፍኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ካርታውን ላስተካክል ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳድጌ አየሁ። መስከረም 2 የመጣው ላይ፣ ገበያው ጥግ፣ ሁለት ሰዎች ቀይ ሶፋ ተሸክመዋል። አንዱ ራሰ በራ፣ ቢጫ ካናቴራ የለበሰ። የትናንቱ ላይ፣ ከመንገዱ ጫፍ... ያው ሶፋ። ያው ራሰ በራ። ያው ካናቴራ።

አሥር ሳምንት ሙሉ ተሸክመውት?

ሌሎቹንም አየሁ። ሰው ሁሉ እጅጌው አጭር ነው። በሲሲሊ ባሕር ዙሪያ ይህ ወር ዝናብና ብርድ መሆኑን ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዴት አላየሁም?

ሁሉም የአንድ ቀን ፎቶዎች ናቸው። ታዲያ ልጁ የት ነው ያለው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ለፉፋ ስድስት ጊዜ ደወልኩ። በሰባተኛው አነሳ። ስለ ሶፋው ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ከተማዋን ያየኋት አንድ ቀን ነው። ከስደተኞች መጠለያው የወጣሁ ቀን። የእርሻው መኪና እስኪመጣ ዞርኩ።»

«የምን እርሻ?»

«መጀመሪያ ቲማቲም፣ አሁን ብርቱካን። ለቀማ። ላስቲክ ወጥረን አሥራ አራት ሆነን ነው የምናድረው።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እርስዎ በየእሑዱ ላክ አሉኝ። ምን ልላክ? ላስቲኩን? የመንገዱን ስም ይጠይቁኛል።»

ስልኩን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ጠዋቱን ሙሉ ስጮህ አረፈድኩ። ውሸታም ትውልድ አልኩ። ባለቤቴ ሀዋኦ ሣጥኗን ከፍታ አንድ ፎቶ ፊቴ አኖረች። 1984፣ ናይሮቢ፣ ፎቶ ቤት። እኔ፣ በፎቶ አንሺው ኮት። ከኋላዬ መጋረጃ ላይ የተሳለ ፎቅና ፏፏቴ። ያኔ የምተኛው የስደተኞች ካምፕ፣ ድንኳን ውስጥ ነበር። ለእናቴ የላክሁት ነው። ስትሞት ከትራሷ ሥር አገኙት።

«ምዋሊሙ» አለችኝ፣ እንደ ተማሪዎቼ መምህር ብላ፣ «የዚህ ፎቅ መንገድ ማን ይባላል?»

ወንድሜ፣ የፉፋ አባት፣ ይህን ፎቶ አይቶ ነበር ተከትሎኝ ከአገር የወጣው። መንገድ ላይ ቀረ። ሃያ አራት ዓመት... ይህን ለማን ተናግሬ አውቃለሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ፉፋን ላስቲኩን አንስተህ ላክ አልኩት። ላከ። ጭቃ፣ የዛገ በርሜል፣ ገመድ ላይ የተሰቀለ እርጥብ ብርድ ልብስ። ከሥሩ «ስም የለውም ጋሼ» ብሏል።

የላስቲኩንና የናይሮቢውን ፎቶ ጎን ለጎን ለለሊሴ ሰጠኋት። የራሴን ነገር ሁሉ ነገርኳት፤ የአጎቷን፣ የፉፋን አባትም። የድሮውን አንስታ አየች።

«ኮቱ ያንተ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ሊወስዳት የመጣው ደላላ ውጭ የመኪናውን ጥሩንባ ነፋ። ደገመ። ለሊሴ ወጥታ በስዋሂሊ ሁለት ቃል ተናገረችው። መኪናው ሄደ። ሻንጣዋ ግን በሩ አጠገብ እንዳለ ነው፤ አላነሳችውም። እኔም አንሺው አላልኳት።

ካርታውን ከግድግዳው አወረድኩ። ለፉፋ ጻፍኩ፦ «የመንገድ ስም ይቅር። በልተሃል?»