ሲና የቆመችበት በር

ይድረስ ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የፉሪ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የአባባም ጉልበት እንዳመሉ ነው፤ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነግረናል። በስልክ ስነግርሽ በየመሀሉ ስለምታቋርጪኝ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ።

ገምግሚልኝ ባልሽኝ መሠረት የሠራሽውን የኮምፒውተር ጨዋታ ስልኬ ላይ ጫንኩት። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፣ እየመረጡ የሚያነቡት ጽሑፍ ብቻ ነው ብዬ ንቄው ነበር። ግን ሲና ያልሻት ልጅ ከታክሲ ወርዳ፣ ጭቃውን እየዘለለች ወደ መካኒሳ አቦ ስትሄድ ሳላውቀው አብሬያት ሄድኩ። ለመጀመሪያ ሥራ ማን እንዲህ ይጽፋል? ጎበዝ ነሽ።

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ። ውሻው ጋ ስደርስ «ሩጪ»ን ብመርጥ ነከሰኝ፣ «ቁሚ»ን ብመርጥ ነከሰኝ። ታዲያ ምኑን መረጥኩት? ከተነከስኩ በኋላም እንደገና ከታክሲው ጀምሪ ይለኛል። ኧረ በፈጠረሽ!

መጨረሻው ግን አስለቀሰኝ። ሲና የአባቷን በር ታንኳኳለች፣ ከውስጥ «ማነው?» ይላታል፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። መልስ የምትሰጥበት ምርጫ የላትም። የባንኩን ሥራ ትተሽ ኮምፒውተር ልማር ያልሽ ቀን አባባ ደጄን እንዳትረግጪ ያለሽ፣ እስካሁን ጆሮሽ ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለካ ጮክ ብዬ ሳነብ አባባ ይሰማኝ ኖሯል። የማን ሥራ እንደሆነ አልነገርኩትም። ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አለኝ። ውሻው ላይ ሳቀ፣ በሩ ጋ ስንደርስ ግን ተቆጣ።

«የቤት ልጅ ምን ሆና ታንኳኳለች? የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። እጇን በቀዳዳው አስገብታ፣ መቀርቀሪያውን ስባ፣ ‹ቤቶች› ብላ አትገባም?»

አንቺ ከሄድሽ በኋላ የበራችንን ቀዳዳ በቆርቆሮ የደፈነው ራሱ ነው። ግምገማዬም ከእሱ አይለይም፤ በሩ ጋ ራሷ ከፍታ የምትገባበት ምርጫ ጨምሪላት።

ዛሬ ጠዋት ከበሩ በኩል መዶሻ ሰምቼ ብወጣ፣ አባባ በዚያ ጉልበቱ ተንበርክኮ የቀዳዳውን ቆርቆሮ ይነቅላል። ምነው ብለው፣ ነፋስ እንዲገባ ነው አለኝ።

እጅሽ ይባረክ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ።

ታላቅ እህትሽ